መቶ ጊዜ ተቀብቶ የሚቀረጽ



ለአንዲት ትንሽ ሣጥን ወራት የሚደክም ባለሙያ አለ ቢባል ማን ያምናል? በቻይና ግን ይህ ሙያ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። ሥራው ዕቃን “ላከር” በተባለ የዛፍ ፈሳሽ ደጋግሞ መቀባት፣ ከዚያም መቅረጽ ነው። የሚቀረጸው እንጨቱ አይደለም፤ በላዩ የተደራረበው ቀለም ራሱ ነው።

ከዛፉ እስከ ቢላዋው

የላከር ዛፍ በአገራችን እንደ ዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ እየተበጣ ፈሳሹ ይሰበሰባል። ከአንዱ ዛፍ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ቻይናውያን ግማሽ ኪሎ ላከር ለማግኘት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝና ሺህ ጊዜ መብጣት ያስፈልጋል ይላሉ። ጥሬው ፈሳሽ የነካውን ቆዳ ያሳክካል፤ ያሳብጣልም።

ቀይ እንዲሆን ሲናባር የተባለ የሜርኩሪ ማዕድን ዱቄት ይቀላቀልበትና በስሱ ይቀባል። የሚያስደንቀው፣ ላከር የሚጠነክረው በፀሐይ ሳይሆን ሞቅ ባለና እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። ፊተኛው ሳይጠነክር ሌላ አይደረብበትም። ቸኩሎ ያወፈረ ሰው ላዩ ይደርቅለታል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ስለሚቀር ይሸበሸብበታል። በዚህ ዓይነት ድርቡ መቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ የመቶው ውፍረት ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ቢላዋ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አበባው፣ ቅጠሉ፣ ሐረጉ እየተፈለቀቀ ይወጣል። እጅ ከሳተ የተነሣው ቀለም አይመለስም።

ከነገሥታት ቤት እስከ ዛሬ

በዩዋን ሥርወ መንግሥት (1271–1368 እ.ኤ.አ.) ጃንግ ቸንግና ያንግ ማው የተባሉ የጀጂያንግ ሰዎች በዚህ ሥራ ስማቸው ገነነ። የሚንጉ ንጉሥ ዩንግሌ የጃንግ ቸንግን ልጅ ጠርቶ የቤተ መንግሥቱን ሥራ አስመራው። በ1403 እ.ኤ.አ. የተቀረጹ የላከር ዕቃዎችን ለጃፓን ገዥ በስጦታ ላከ። ሙስሊሙን የባሕር መሪ ዜንግ ሄን ከ1405 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታላላቅ መርከቦች ያሠማራው፣ በኋላም መርከቦቹ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የደረሱለት ይኸው ንጉሥ ነበር።

የቻይና መንግሥት በ2006 እ.ኤ.አ. ሙያውን በአገሪቱ የቅርስ መዝገብ አስፍሮታል። ሆኖም በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ፕላስቲክ መሰል ነገር “ሲናባር” እየተባለ በርካሽ ይሸጣል። በእውነተኛው ላይ የቢላዋው ስለት በግልጽ ይታያል፤ በአስመሳዩ ላይ ግን ጠርዙ ሁሉ የደነዘዘ ነው። ሸቀጡን ያልሆነውን ነው ብሎ መሸጥ በዲናችን ሐራም መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። በዚህ የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም፤ ወራት የደከመው ሐቀኛ ባለሙያ ዋጋ ያጣል፤ ልጁም የአባቱን ሙያ ለመማር ልቡ አይነሣሣም።

ለእኛስ?

ስለዚህ ሙያ ሳነብ አንድ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። አባቱ በረመዳን ውስጥ ጁዝ ዐመን በቃሉ እንዲጨርስ አጣደፉኝ፤ እኔም ልጁን አጣደፍኩት። ለዒድ በዘመድ ፊት ቆሞ ቀራ፤ ሁሉም “ማሻአላህ” አለ። ከወር በኋላ ስጠይቀው ግን ግማሹ ጠፍቶበታል። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። የፊተኛው ሳይደርቅ ሌላ የደረብንበት እኔና አባቱ ነን። አሁን በቀን ሦስት አንቀጽ ብቻ፣ የትናንቱን እየደገምን፣ ከመጀመሪያው ጀምረናል።

እናቶችና አባቶች፣ በልጆቻችሁ ላይ ቅርጹን ከመጠየቃችሁ በፊት ድርቡን ጠብቁ። አላህ ሰብሩን ይወፍቀን። አሚን።