ስለ አየር ጠባይ ምርመራ ሙያና ሙያውን ስለሚሹ ወጣቶች
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በክረምት ወራት ከመሪ ሆኖ ወደ እንጦጦ ተራራ የሚመለከት ሰው፣ ተራራውን ደመና ሸፍኖት ዝናቡ ሲወርድ እያየ እርሱ በቆመበት ስፍራ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ ሳትወድቅ ብዙ ጊዜ ያጋጥመዋል። ይህ ለምን ይሆናል ቢሉ፣ ነፋስ እርጥበት ያዘለውን አየር እየገፋ ወደ ተራራው ባደረሰው ጊዜ አየሩ ማለፊያ ስለሚያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ በወጣም መጠን ይቀዘቅዛል፤ በቀዘቀዘም ጊዜ ያዘለው እንፋሎት ወደ ደመና፣ ደመናውም ወደ ዝናብ ይለወጣል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በአንድ ከተማ ውስጥና በአንድ ሰዓት የ5 ዲግሪ ልዩነት ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

በአንድ ከተማ ውስጥ ይህን የመሰለ ልዩነት ከተገኘ፣ ከባሕር ወለል በታች ከሆነው ከዳሎል ረባዳ ጀምሮ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ እስካለው እስከ ራስ ዳሸን ድረስ የተዘረጋውን አገር የአየር ጠባይ መርምሮ ለማወቅ ምን ያህል ሰውና ምን ያህል ዕውቀት እንደሚያስፈልግ መገመት አያዳግትም። ዛሬ ልናብራራላችሁ ያሰብነው ስለዚሁ ሙያና በሙያው ለመሠማራት ስለሚሹ ተማሪዎችና ምሩቃን ነው። ነገሩ ልጆቻቸውን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለሚልኩ ወላጆች ይጠቅማል፤ የአየር ጠባይ መግለጫ በየጊዜው ለሚደርሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ይበልጡን ይመለከታል።

የሚቲዎሮሎጂ ሥራ በአገራችን መልክ ይዞ የተጀመረው በአቪዬሽን አገልግሎት አማካይነት ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት በሲቪል አቪዬሽን ሥር አንድ አነስተኛ ክፍል ተቋቁሞ ለአውሮፕላኖች በረራ የሚያስፈልገውን መረጃ ይሰበስብ ነበር። ዘግየት ብሎም አገልግሎቱ ለእርሻውም፣ ለውሃ ሥራውም፣ ለጤና ጥበቃውም እንደሚያስፈልግ ስለ ታወቀ፣ በ1973 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 201 ራሱን የቻለ ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ይኸው መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ይጠራል።

ብዙ ሰዎች የዚህ ሙያ ባለቤት ሰማይ ሰማይ እያየ የሚገምት ሰው ይመስላቸዋል። የሥራው መሠረት ግን ያለው በሰማይ ሳይሆን በምድር ነው። በአንድ የመመልከቻ ጣቢያ ቅጥር ውስጥ ዝናብ የሚጠራቀምበት የመለኪያ ዕቃ አለ፤ ነጭ ቀለም የተቀባና ነፋስ የሚያሳልፍ የእንጨት ሣጥንም በውስጡ ቴርሞሜትሮች ተቀምጠውበት ይገኛል። ተመልካቹ ጧት ጧት በ3 ሰዓት ሄዶ ባለፉት 24 ሰዓቶች የወረደውን ዝናብ ይለካል፤ በመዝገብም ይጽፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በአንድ ሄክታር እርሻ ላይ 200,000 ሊትር ውሃ ወርዷል።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጥብቅ ታማኝነት ይጠይቃል። አንድ ተመልካች ሰኞ ጧት ሳይለካ ቀርቶ ማክሰኞ የሁለቱን ቀን ዝናብ ደርቦ እንደ አንድ ቀን ዝናብ ጻፈው እንበል። ሰኞ ሊለካ ይገባው የነበረው 18፣ ማክሰኞ ደግሞ 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በመዝገቡ ላይ የሚታየው 40 ሚሊ ሜትር የዘነበበት አንድ ቀን ይሆናል። ከ20 ዓመት በኋላ በዚያ አካባቢ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ይህን መዝገብ አይቶ የጎርፉን መጠን ሲያሰላ ሐሳቡ ይሳሳታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሳይለኩ በግምት መሙላት ነው። ባዶ የቀረ መስመር ባዶ መሆኑ ይታወቃል፤ በሐሰት የተሞላ መስመር ግን እውነተኛውን መስመር ሁሉ ያስጠረጥራል።

የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የአንድን ስፍራ መደበኛ የአየር ጠባይ ለመወሰን የ30 ዓመት መዝገብ እንዲኖር ይጠይቃል። እንግዲህ በ25 ዓመቱ ሥራ የያዘ አንድ ምሩቅ በ60 ዓመቱ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሳያቋርጥ ቢሠራ፣ መላው የአገልግሎት ዘመኑ ይህን አንድ መለኪያ ለመሙላት ከሚያስፈልገው ጊዜ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። በሌላ ሙያ ሰው የጀመረውን ፈጽሞ ፍሬውን ሊያይ ይችላል፤ በዚህ ሙያ ግን የሚሠራው ለተተኪው ነው፤ የሚጠቀምበትም መዝገብ ከእርሱ በፊት የነበሩት ያቆዩለት ነው። ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ወጣት አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ይህ ነው።

ስለ ትምህርቱ የተነሣ እንደ ሆነ፣ ዋነኞቹ መሠረቶች ሒሳብና ፊዚክስ ናቸው። በዓለም አቀፉ ድርጅት መመሪያ መሠረት የሙያው ሠራተኞች በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ። አንደኞቹ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተማሩት ሚቲዎሮሎጂስቶች ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ መሣሪያዎቹን የሚጠብቁትና ምልከታውን የሚያካሂዱት ቴክኒሻኖች ናቸው። ሁለቱም ክፍሎች አንዱ ያለ ሌላው ሊሠሩ አይችሉም። ሚቲዎሮሎጂስት ለመሆን የሚማረው ተማሪ የአየርን እንቅስቃሴ በሒሳብ ቀመር መግለጽን፣ የደመናንና የጨረርን ፊዚክስ፣ የአየር ካርታ ማንበብንና በኮምፒዩተር ማስላትን ይማራል። በአገራችን የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚቲዎሮሎጂ ትምህርት ይሰጣል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በፊዚክስ ትምህርቱ የከባቢ አየርን ጥናት ያካትታል። ከጎረቤት አገር ደግሞ በናይሮቢ የሚገኘው ማሠልጠኛ ለብዙ የአፍሪካ ባለሙያዎች መማሪያ ሆኗል። ይህ ትምህርት ለወንዶች ብቻ የተወሰነ እንዳይመስለን ያስፈልጋል፤ በሒሳብ የበረታች ሴት ልጅ ያለችው ወላጅ ሁሉ ይህን መንገድ ሊያመለክታት ይገባል።

የተመረቀ ሰው የሚሠማራበት ስፍራ አንድ ብቻ አይደለም። በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራው ባለሙያ ስለ ነፋስ፣ ስለ ጭጋግና ስለ ነጎድጓድ ለአብራሪዎች መግለጫ ይሰጣል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ሙቀቱም ሲጨምር ይበልጡን ስለሚሳሳ፣ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያሻዋል፤ በዚህ ምክንያት የአንድ ዲግሪ ልዩነት እንኳ በሒሳብ ይገባል። በእርሻ በኩል የሚሠራው ዝናቡ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም ያጠናል። በውሃ ኃይል በኩል የሚሠራው ግድቦች የሚይዙትን የክረምት ውሃ ይገምታል። በጤና በኩል የሚሠራው ደግሞ ዝናብና ሙቀት የወባ ትንኝን እንዴት እንደሚያራባ ይመረምራል።

የአገራችን ልጆች በዚህ ጥበብ ስማቸው እስከ ውጭ አገር ተሰምቷል። አቶ ወርቅነህ ደገፉ በአፍሪካ ስላለው ድርቅና ረኃብ እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የሚቲዎሮሎጂ ድርቅ ጽፈዋል። ዶክተር ድሪባ ቆሬቻ ከአንድ የውጭ አገር ሊቅ ጋር ሆነው የኢትዮጵያን የክረምት ዝናብ አስቀድሞ ለመተንበይ ስለሚቻልበት መንገድ ያዘጋጁት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ዶክተር ቱፋ ድንቁ ደግሞ በአገር ቤት የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ካገለገሉ በኋላ በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የጣቢያዎችን መዝገብ ከሳተላይት ምልከታ ጋር በማዋሐድ፣ ጣቢያ የሌለበት ወረዳም መረጃ የሚያገኝበትን ዘዴ በብዙ የአፍሪካ አገሮች አስፋፍተዋል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ ሳተላይቱ የቱን ያህል ቢረቅቅ ትክክለኛነቱ የሚፈተነው በምድር ላይ ባለችው በዚያች የዝናብ መለኪያ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ትንበያው እንለፍ። የክረምት ዝናባችን ከሩቅ ባሕሮች ጋር የተያያዘ ነው። በሰላማዊው ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ ያለው ውሃ ከወትሮው በላይ ሲሞቅ፣ ይኸውም ኤልኒኞ የተባለው ሁኔታ ሲከሠት፣ የዓለም የነፋስ ዝውውር ይዛባል፤ ወደ ሰሜንና ወደ መካከለኛው ኢትዮጵያ እርጥበት የሚያመጣውም ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ይኸው ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል የተባሉት ወገኖች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ባሕሩ ግን የሚሞቀው ድርቁ ከመድረሱ ወራት ቀደም ብሎ ስለ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። መሥሪያ ቤቱም ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የወቅት ትንበያ ሲሰጥ ቆይቷል።

የወቅት ትንበያ የሚቀርበው በመቶኛ ነው። በአንድ አካባቢ ከመደበኛ በታች የመዝነቡ ዕድል 45 በመቶ፣ መደበኛ የመሆኑ 35፣ ከመደበኛ በላይ የመሆኑ 20 በመቶ ነው ተብሎ ይነገር ይሆናል። ይህን የሰማ ሰው «ይደርቃል አሉ» ብሎ ቢያወራ ተሳስቷል፤ መልካም ቢዘንብም «ዋሹ» ቢል ዳግመኛ ተሳስቷል። የመግለጫው ትርጉም፣ ሁኔታው እንደዚህ ያለ 100 ዓመት ቢገኝ በ45ቱ ዝናቡ ያንሳል፣ በ55ቱ ግን አያንስም ማለት ነው። አስተዋይ የሥራ ኃላፊ ይህን ሲያነብ በአነስተኛ ወጪ ሊደረግ የሚቻለውን ጥንቃቄ ወዲያው ያደርጋል፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር ያስቀርባል፣ የከብት መኖ ያስባል፣ የመጠባበቂያ እህል ይቆጥራል። መግለጫው ገቢ ሆኖ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ በፋይል ታስሮ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ግን፣ ከተመልካቹ ጀምሮ እስከ ሊቁ ድረስ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የደረሰውን አደጋ እናስታውስ። ኃይለኛው ዝናብ የወረደው ከከተማው በላይ ባለው ደጋ ነበር፤ የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ሕዝቡን በተኛበት ደረሰበት፤ ከ200 በላይ የሆኑ ሰዎችም ሕይወታቸውን አጡ። በደጋው የዘነበ ዝናብ ወደ ቆላው እስኪደርስ የተወሰነ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ያ ጊዜ ቢያጥርም ነፍስ ለማትረፍ ይበቃል። ይህ የሚሆነው ግን በተራራው ላይ የሚለካ፣ የተለካውን የሚያስተላልፍና በታች ሆኖ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ሕዝቡን የሚቀሰቅስ ሰው ሲኖር ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሁለቱ ድካም አያድንም። የቀበና ወንዝም ከእንጦጦ ወርዶ በከተማችን መካከል የሚያልፍ ስለ ሆነ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ የአየር ጠባይ ምርመራን ሙያ ለሚመርጡ ወጣቶች የምንላቸው ይህ ነው። ሙያው ፈጥኖ ሀብት የሚያስገኝ አይደለም፤ ትንበያው ሲሠምር የሚያመሰግን ጥቂት ነው፤ ሳይሠምር የቀረ ጊዜ ግን የሚወቅስ ብዙ ነው። ሆኖም በቅን ልቡና የተጻፈች አንዲት የዝናብ መስመር ድልድይ ታጸናለች፣ አዝመራ ታድናለች። እኛ በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኝ ሠራተኞች ደግሞ መግለጫው ሲደርሰን በዕለቱ አንብበን ለሚመለከተው እናስተላልፍ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው፤ ቅጠሉን የሚያቀብሉን እነዚህ ባለሙያዎች ናቸው፤ ፈጥኖ መቀበል የእኛ ፋንታ ነው።