«የሲጋራ ሳል ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም

በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አካባቢ ለረጅም ዘመን ያጨሱ አረጋዊ ሲያስሉ ቤተሰብ «የሲጋራ ሳል ነው» ብሎ ማለፉ የተለመደ ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ጢስ የአየር ቧንቧን እያቆሰለ ያጠብባል፤ አክታ ያለው ሳል በሁለት ተከታታይ ዓመታት፣ በየዓመቱ ቢያንስ ለ3 ወራት ከቆየ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ ይባላል። ቀድሞ ሳያርፉ ይወጡት የነበረውን የቤተ ክርስቲያን ደረጃ አሁን እያረፉ የሚወጡ አባት የያዛቸው እርጅና ብቻ ላይሆን ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር በዚሁ ሳል ውስጥ ሌላ ደዌ መሸሸጉ ነው። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ደም የቀላቀለ አክታ፣ የድምፅ መጎርነንና ክሳት ሲታይ የሳንባ ካንሰርም ይጠረጠራል፤ ክሳቱን ግን ብዙዎች በጾም ያመካኛሉ። የሳንባ ምች ደግሞ በአረጋውያን ላይ ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ምልክቱ ድንገተኛ መቃዠት፣ ምግብ መጥላት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ሕሙማንን የሚጠይቁ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሳሉ መቼ እንደ ጀመረና ጠባዩ ተለውጦ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ሕሙሙ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ነገ ሳይባል ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይወሰድ።