ከ20 ወር ወደ 9 ወር፡ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በአዲስ አበባ እንዴት ተፈተነ?

‹‹ሙከራ›› የሚለው ቃል ከሆስፒታል ጋር ሲነሳ ለጆሮ ደስ አይልም። ከመገናኛ ገርጂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ወሬው ከተጀመረ ‹‹ፈረንጆቹ መድኃኒታቸውን መጀመሪያ እኛ ላይ ነው የሚሞክሩት›› የሚል ሰው አይጠፋም። ሰውየው ዝም ብሎ አይደለም የሚጠራጠረው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ገበሬዎች፣ መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳይታከሙ፣ በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ብቻ ሲታይ ኖሯል። ዛሬ ታማሚው የሚፈርመው ቅጽ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው፣ ያ ሁሉ ውጣ ውረድ በከፊል ከእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ የመጣ ነው። ታዲያ በደንቡ የተሠራ ሙከራ ምን ይመስላል? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥናቱ ስትሪም ይባላል። በከተማችን የተካሄደው በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ በእንጦጦ በኩል ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ ሁለተኛው ዘነበወርቅ አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት። ለእኛ ለቦሌና ለገርጂ ሰዎች ሁለቱም ሩቅ ናቸው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ብዙዎቻችን ያልሰማነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ተራ ቲቢ በ6 ወር ክኒን ይድናል። መድኃኒት የተላመደ የሚባለው ደግሞ ሁለቱ ዋና መድኃኒቶች፣ አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን፣ የማይበግሩት ነው። በአገራችን ለዚህኛው የተደራጀ ሕክምና የተጀመረው በ2009 በቅዱስ ጴጥሮስ ሲሆን በ2010 ጎንደር ተከተለ። ሕክምናው ግን ራሱ ሌላ ፈተና ነበር። 20 ወርና ከዚያ በላይ በየቀኑ እፍኝ ሙሉ ክኒን፣ ወደ 8 ወር ለሚጠጋው ጊዜ ደግሞ መርፌ ይጨመርበታል። የቀን ሠራተኛ ወይም ሊስትሮ 20 ወር ሙሉ እንዴት አድርጎ ይህን ይችላል? መድኃኒቱ ያለ ምግብ ሆድ ያቃጥላል፣ ምግብ ደግሞ በገንዘብ ነው፣ ገንዘቡ በሥራ፣ ሥራው በጤና። በዓለም ደረጃ ሲታይ በዚያን ጊዜ ከታማሚዎቹ መካከል ሕክምናው የተሳካለት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር።

በ2010 ከባንግላዴሽ አንድ የምሥራች ተሰማ። እዚያ 206 ታማሚዎች ቢያንስ 9 ወር በሚወስድ አጭር ሕክምና ታክመው 87.9 በመቶዎቹ በሽታው ሳያገረሽባቸው ድነው ተገኙ። ግማሽ ከነበረበት ወደ 88 መውጣት ተአምር ይመስላል። ታዲያ ወዲያውኑ ለሁሉም አይሰጥም ወይ? ቁጥሩ ላይ ችግር የለበትም፤ ጎኑ የሚቆም ማወዳደሪያ ግን የለውም። እነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው ክትትል ረጅሙን ሕክምና ቢወስዱ ኖሮ ስንቱ ይድን ነበር? ይህን ለማወቅ ሁለቱን ሕክምናዎች እኩል ሜዳ ላይ ማቆም ያስፈልጋል።

ስትሪም ያደረገው ይኸንን ነው። በ2012 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በሞንጎሊያና በቬትናም 424 ታማሚዎችን መዘገበ። ማን አጭሩን፣ ማን ረጅሙን እንደሚወስድ የሚወስነው ሐኪሙ አይደለም፣ ታማሚውም አይደለም፤ ዕጣ ነው። ሁለት ሰው ለአጭሩ ሲደርሰው አንድ ሰው ለረጅሙ ይደርሰዋል። ዕጣ መባሉ ቅር ያሰኛል፤ እኔም መጀመሪያ ‹‹የሰው ሕይወት ቶምቦላ ነው እንዴ?›› ብዬ ነበር። ነገር ግን ምርጫው ለሐኪሙ ቢተው፣ ደግ ልብ ያለው ሐኪም እንኳ ደከም ያለውን ሰው ሳያውቀው ወደ አንዱ ወገን ይገፋዋል። መጨረሻ ላይ የሚታየው ልዩነት ከመድኃኒቱ ይሁን ከሰዎቹ አይለይም። የሚገርመው በዕጣ መመደብ በሕክምና ሙከራ ውስጥ ስም ያወጣው በዚሁ በቲቢ መሆኑ ነው። በ1948 እንግሊዞች የስትሬፕቶማይሲንን ውጤት ያሳተሙት 107 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ነበር፤ መድኃኒቱ ያኔ ለሁሉም አይበቃም ነበር።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር ልበል። ደንቡ እንደሚለው ታማሚው ጥናቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፣ ይፈርማል፣ በፈለገ ጊዜ ይወጣል፣ በመውጣቱም ሕክምና አይከለከልም። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። እኛ አገር ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲጠይቅ አብዛኛው ታማሚ የሚመልሰው ‹‹እርስዎ ያውቃሉ ዶክተር›› ብሎ ነው። ይህ ፈቃድ ነው ወይስ አክብሮት? ጋዜጠኛ ወደ እንዲህ ዓይነት ቦታ ሲሄድ ‹‹ፈርመዋል ወይ?›› ብሎ መመለስ የለበትም፤ ‹‹ምን እንደሆነ በራስዎ አባባል ይንገሩኝ›› ቢላቸው ይሻላል ባይ ነኝ።

ውጤቱ በመጋቢት ወር 2019 ታተመ። ረጅሙን ከወሰዱት 79.8 በመቶው፣ አጭሩን ከወሰዱት 78.8 በመቶው ጥሩ ውጤት አገኙ። እኔ ይህን ሳነብ ‹‹አጭሩ ተሸነፈ›› ብዬ ርዕስ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው። የጥናቱ ጥያቄ ‹‹አጭሩ ይበልጣል ወይ?›› አልነበረም፤ ‹‹ጊዜው በግማሽ ካጠረ፣ ውጤቱ ከረጅሙ ያን ያህል አያንስም ወይ?›› ነበር። ‹‹ያን ያህል›› የሚለው ደግሞ ጥናቱ ሳይጀመር 10 በመቶ ነጥብ ተብሎ ተቆርጧል። የታየው ልዩነት ለኤችአይቪ ተስተካክሎ ሲሰላ 1 ነጥብ ነው፤ በአጋጣሚ ሊፈጠር የሚችለው ሁሉ ታስቦ እውነተኛው ልዩነት ቢከፋ 9.5 ድረስ ሊሄድ ይችላል። ከ10 በታች ነው፣ አለፈ፤ ግን በጠባቧ በር ነው ያለፈው። የባንግላዴሹ ተአምርም እዚህ ጋ ተፈታ፤ ክትትሉ ጥሩ ከሆነ ረጅሙም ወደ 80 ይደርስ ነበር።

አጭሩ ያለ ዋጋ አልመጣም። የልብ ምት ሥርዓትን የሚያዛባው የኪውቲ መርዘም በ11 በመቶዎቹ ታይቷል፤ በረጅሙ ግን በ6.4 በመቶ። ለዚህ ሲባል ታማሚዎቹ በየጊዜው የልብ ምርመራ ይደረግላቸው ነበር። ከክኒኖቹ አንዱ ክሎፋዚሚን ነው፤ የቆዳን ቀለም ያጠቁራል። (ይህ የጥንት የሥጋ ደዌ መድኃኒት ነው፤ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌጂያዊ ስም በሚጠራው ኢንስቲትዩት ለቲቢ መሰጠቱ ግጥምጥሞሽ ነው።)

ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው በ2020 የወጣው የወጪ ስሌት ነው። በኢትዮጵያ አንድ ታማሚን በረጅሙ ማከም ለጤና ሥርዓቱ 6,097 ዶላር ያህል ሲያስወጣ አጭሩ 4,552 ዶላር ያህል ነበር። በደቡብ አፍሪካ ትልቁ ቁጠባ የመጣው ከመድኃኒት ዋጋ ነው። በእኛ ግን ለታማሚው ከሚሰጠው ማኅበራዊ ድጋፍ ነው፤ ይህም ችግሩ የት ላይ እንደሚጠና ያሳያል። ታማሚዎቹ ራሳቸው ለተጨማሪ ምግብ የሚያወጡት በአማካይ በ225 ዶላር ቀንሷል። አጭሩን የወሰዱት በ132 ሳምንት ውስጥ 667 ሰዓት የበለጠ ሠርተዋል። በቀን 8 ሰዓት ብናሰላው ከ80 በላይ የሥራ ቀን ማለት ነው። ይህ በ79.8 እና በ78.8 ውስጥ አይታይም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይህን ሁሉ አልጠበቀም። በ2016፣ ስትሪም ሳያልቅ፣ አጭሩን ሕክምና በቅድመ ሁኔታ መክሯል። አንዳንዱ ‹‹ተቻኮለ›› ይላል፤ ታማሚው ደግሞ ‹‹ዘገየ›› ይል ይሆናል። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ባይ ነኝ።

ሌላው ጣጣ መርፌው ነው። ካናማይሲን ጆሮን ይጎዳል፤ የጠፋው መስማት አይመለስም። ስለዚህ በ2016 የጀመረው ሁለተኛው ዙር መርፌውን አውጥቶ ቤዳኩዊሊን የተባለ አዲስ ክኒን ተካ። በ7 አገሮች 588 ሰዎች ገቡበት፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። በ2022 የታተመው ውጤት ሲታይ ክኒን ብቻ ከወሰዱት 82.7 በመቶው፣ መርፌ ያለበትን ከወሰዱት 71.1 በመቶው ተሳክቶላቸዋል። ጠንከር ያለ የመስማት ጉዳት የደረሰው በክኒኑ 2 በመቶ፣ በመርፌው 9 በመቶ ላይ ነው።

በዚያው በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ተመርኩዞ መርፌ የሌለበት የ6 ወር ሕክምና መከረ። የ2012ቱ አጭር ሕክምና በ10 ዓመት ውስጥ አረጀ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር የገቡት ታማሚዎች ግን፣ ዕጣቸው በየትኛውም ወገን ቢወጣ፣ መርፌውን ወስደዋል።