የፈረስ ግልቢያ ፎቶግራፍ በጎጃም

የፈረስ ግልቢያ ፎቶግራፍ በጉግስ፣ በሽምጥ ግልቢያና በሌሎች የፈረስ ጨዋታዎች ላይ የሚነሣ የስፖርት ፎቶግራፍ ዘርፍ ነው። በባሕርዩ ከበረዶ ሸርተቴ፣ ከስኖውቦርድና ከሌሎች አደገኛ ስፖርቶች ፎቶግራፍ ጋር ይመደባል። በሁሉም ዘንድ ተወዳዳሪው በከፍተኛ ፍጥነት ይመጣል፤ የሚፈለገው ቅጽበት ዓይን ሳይጨፈን ያልፋል፤ ቦታውን ያልመረጠ ፎቶ አንሺም ራሱን ወይም ተወዳዳሪውን ሊጎዳ ይችላል። በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል እስከ እንጅባራ ባለው አገር፣ የበረዶ መንሸራተቻ የለም። ፈረስ ግን አለ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የአደገኛ ስፖርት ፎቶግራፍ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው የፈረስ ፎቶግራፍ ነው።

ጨዋታው

ጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው የሚጫወቱት የጦርነት አምሳያ ነው። አንዱ ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውርበታል፤ የሚሸሸውም ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል። ከዚያ ተራው ይገለበጥና አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ጨዋታው በገና፣ በጥምቀትና በመሳሰሉት በዓላት ይታያል፤ በጎጃም ገጠር ደግሞ ፈረስ በሠርግም ይጋለባል።

በአካባቢው ትልቁ የፈረስ ትርዒት በአዊ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በዓሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው የዓድዋ ጦርነት የዘመቱ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል። ዕለቱም እንደ ዓድዋው ዕለት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው። ፈረሶቹ በኮርቻ፣ በግላስና በልዩ ልዩ ጌጥ ተሸልመው ይመጣሉ።

ለፎቶ አንሺ የዚህ ዓይነቱ በዓል ትልቅ ጥቅም አንድ ሜዳ ላይ ሁሉንም የፈረስ አካሄድ ማሳየቱ ነው። እያንዳንዱ አካሄድም የተለየ አነሣስ ይፈልጋል። ሰጋር ፈረስ ሲሄድ የጋላቢው ወገብ እምብዛም አይነቃነቅም፤ ውኃ የሞላ ብርጭቆ የያዘ ይመስላል። በሶምሶማ ጊዜ ጋላቢው ከፍ ዝቅ ስለሚል ፊቱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፍ ብሎ ለመውረድ ሲል ባለችው ቅጽበት ነው። በደንገላሳ የፈረሱ ጋማና የጋላቢው ልብስ አብረው ይነሣሉ፤ እንቅስቃሴው በመጠኑ ዝግ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው። ሽምጥ ሲሆን ግን ዓይንን ማመን አይቻልም። የፈረሱ እግር የት እንደነበረ የሚታወቀው ፎቶው ከተነሣ በኋላ ነው።

ፎቶግራፍና የፈረስ እግር

ዓይን በሽምጥ ግልቢያ ላይ እንደማይታመን ያረጋገጠው ፎቶግራፍ ራሱ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ብዙ የአውሮፓ ሠዓሊዎች የሚጋልብ ፈረስን የሚሥሉት የፊት እግሮቹን ወደፊት፣ የኋላዎቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ እንደሚበር አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ፣ በባለጸጋው ሌላንድ ስታንፎርድ የፈረስ ማርቢያ ግቢ፣ ካሜራዎችን በመደዳ ደርድሮ አንዲት ፈረስ ስትጋልብ አነሣ። ምስሎቹ የተነሡት በየ69 ሴንቲ ሜትር ርቀት ነበር። ውጤቱም አራቱም እግሮች በአንድ ጊዜ ከመሬት እንደሚነሡ አሳየ። ይህ የሚሆነው ግን እግሮቹ ተዘርግተው ሳይሆን ከሆድ ሥር ተሰብስበው ሳለ ነው።

ግኝቱ ዛሬም ለሥራው ይጠቅማል። ሙሉ ሽምጥ ላይ ያለ ፈረስ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ ከመሬት ሙሉ በሙሉ ይነሣል። ኮቴው መሬት በመታ ቁጥር የሚሰማው ድምፅ ምት አለው። ልምድ ያለው ፎቶ አንሺ በዓይኑ ከሚጠብቅ ይልቅ ይህን ምት ሰምቶ ይጫናል፤ ይህ በየሰከንዱ ብዙ ፎቶ በሚያነሣ ካሜራ ላይ ብቻ ከመመካት የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

ከበረዶ ስፖርት ጋር ያለው ግንኙነት

ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወከለችው በቱሪን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 (1998 ዓ.ም.) ነው። ብቸኛው ተወዳዳሪ በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም ነበር። በመክፈቻው ሰንደቅ ዓላማውን የያዘው እሱ ሲሆን፣ በፕራጄላቶ በተደረገው የ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር 83ኛ ሆኖ ጨርሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በቫንኩቨርም ተወዳድሯል።

የፕራጄላቶው ውድድር ተወዳዳሪዎች በየ30 ሰከንዱ አንድ በአንድ የሚነሡበት ነበር። እንዲህ ባለ ውድድር ፎቶ አንሺው አንድ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ቀድመው በሚያልፉት ላይ ብርሃኑንና ርቀቱን ያስተካክላል፤ የሚፈልገው ሰው ሲደርስ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ይቆየዋል። በቁልቁለት የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚፈጥኑ ከዚህ ሌላ አማራጭም የለም። በስኖውቦርድ ደግሞ ፎቶ አንሺዎች ከመንሸራተቻው ከንፈር አጠገብ ሆነው ዝላዩን ይጠብቃሉ። እዚያ የሚሠራው ዋና ስሕተት ተወዳዳሪውን ከሰማይ ጋር ብቻ ማንሣት ነው፤ የመሬቱ ጫፍ በፎቶው ውስጥ ካልታየ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ተመልካቹ ሊያውቅ አይችልም። በፈረስም እንዲሁ ነው። ኮቴው ሥር ያለው ሣርና ጥላው ከተቆረጡ አየር ላይ ያለው ፈረስ የቆመ ይመስላል።

የመዝጊያ ፍጥነት

በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ፈረስ በሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል። የካሜራው መዝጊያ ለ1/1000 ሰከንድ ቢከፈት ፈረሱ በዚያ ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/50 ሰከንድ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ወደፊት የሚወረወረው እግር ከገላው ይበልጥ ይፈጥናል፤ የተወረወረ ዘንግም እንዲሁ። ስለዚህ በጉግስ ዘንጉን አየር ላይ ጥርት አድርጎ ለመያዝ 1/1000 አነስተኛው ሲሆን፣ 1/2000 ይመረጣል። ይህ በጥር ፀሐይ አስቸጋሪ አይደለም።

ችግሩ ሌላ ነው። ሁሉ ነገር ደርቆ የቆመበት ፎቶ ፍጥነትን አያሳይም። ስለዚህ ብዙዎች ፓኒንግ የሚባለውን ዘዴ ይጠቀማሉ፤ መዝጊያው በ1/30 እና በ1/60 ሰከንድ መካከል ይደረግና ካሜራው ከፈረሱ ጋር እኩል እየዞረ ይነሣል። ፈረሰኛው ጥርት ሲል በስተኋላው ያለው ሕዝብ የቀለም ጅረት ይሆናል። ዘዴው ከሁሉ የሚያምረው ለሰጋር ፈረስ ነው፤ ጋላቢው ስለማይነጥር ፊቱ ሳይደበዝዝ እግሮቹ ብቻ ይፈስሳሉ። በሶምሶማ ላይ ግን ከብዙ ሙከራ ጥቂቱ ብቻ ይሳካል።

በስልክ ለሚያነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አብዛኛው የስልክ ካሜራ ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነብ በፊቱ በፍጥነት የሚያልፈውን ነገር ያጣምመዋል። ቀጥ ያለው ዘንግ እንደ ማጭድ ጎብጦ፣ የፈረሱም እግር ተንጋዶ ሊወጣ ይችላል። ከጎን ከማንሣት ይልቅ ወደ ፊት ለፊት በመጠኑ ያጋደለ አቅጣጫ ይህን ይቀንሰዋል።

የመቆሚያ ቦታ

በዚህ ሥራ ከካሜራው ዓይነት ይልቅ የመቆሚያው ቦታ ይበልጣል። በዓለም አቀፍ የበረዶ ውድድር ፎቶ አንሺዎች የሚቆሙበት ስፍራ በአዘጋጆቹ ይወሰናል፤ ከመረብ በስተጀርባ ይቆማሉ፤ ውድድሩ ሲጀመርም ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም። በገጠር ሜዳ ላይ በሚደረግ ጉግስ ግን አጥሩ ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ሕዝብ ደግሞ ይገፋል። ሁሉም በየስልኩ ለማንሣት አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል የመጋለቢያው ስፋት ይጠብባል፤ የጠበበው ሜዳ የሚጎዳውም ከሁሉ አስቀድሞ ፈረሰኛውን ነው። አንድ ሰው ድንገት ቢገባበት ጋላቢው ያለው ምርጫ ልጓሙን በኃይል መሳብ ወይም ፈረሱን ወደ ሕዝቡ ማዞር ብቻ ነው።

በጉግስ በጣም የሚፈለገው ፎቶ ከፊት ለፊት የሚነሣው ነው፦ የሚሸሸው ጎንበስ ብሎ፣ ጋሻው ከጀርባው፣ የአሳዳጁም ፊትና የተነሣ ክንዱ ከኋላው። ይሁን እንጂ ዒላማውን የሳተ ዘንግ የሚሄደው ወደዚያው አቅጣጫ ነው፤ በመሮጫው መጨረሻ የቆመ ሰው በዘንጉ መንገድ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ስለዚህ ከመስመሩ ወደ ጎን ወጥቶ፣ በሰያፍ፣ ከ70–200 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በረዘመ ሌንስ ማንሣት ይገባል። ሌንሱ ርቀቱን ስለሚያሳጥረው ሁለቱ ፈረሰኞች እንዲያውም ይበልጥ የተቀራረቡ ይመስላሉ። መታጠፊያ ላይ ከሆነ ደግሞ ከውስጠኛው ጎን መቆም ይሻላል፤ በፍጥነት የሚታጠፍ ፈረስ ወደ ውጭ ይገፋልና።

የደጋው ፈረስ ቁመቱ አጠር ያለ ነው። ብዙ ፎቶ አንሺዎች ግዙፍ ለማስመሰል መሬት ላይ ተኝተው ወደ ላይ ያነሣሉ። ፎቶው ያምራል፤ ነገር ግን የተኛ ሰው ፈጥኖ መነሣት አይችልም፤ ፈረሱም መሬት ላይ የወደቀ የሚመስል ነገር ሲያይ ሊደነብር ይችላል። ተንበርክኮ ማንሣት በቂ ነው። ፈረስ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ከአፍንጫው ሥርና ከጀርባው በስተቀር ዙሪያውን ያያል፤ ስለዚህ በጎኑ ድንገት የሚዘረጋ ጃንጥላ፣ የፍላሽ ብልጭታና ዝቅ ብሎ የሚበር የድሮን ድምፅ ያስደነግጡታል። ፍላሽ በቀን ብርሃን ለዚህ ሥራ እምብዛም ስለማይጠቅም መተው ይሻላል። ከጨዋታው በፊት ከፈረሰኞቹ አለቃ ጋር ተነጋግሮ ከየት ወደየት እንደሚጋለብ መጠየቅ ደግሞ ከማንኛውም ሌንስ በላይ ይጠቅማል።

ብርሃንና ነጭ ልብስ

በበረዶ ላይ የሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች የመጀመሪያ ትምህርት ካሜራ በነጭ ነገር እንደሚታለል ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ስለሚገምት በረዶውን አመድ ያስመስለዋል፤ ለዚህም ብርሃኑን ከ1 እስከ 2 ደረጃ ይጨምሩለታል። ጎጃም ውስጥ በረዶ ባይኖርም ችግሩ አለ። በጥምቀት ወይም በጥር 23 ሜዳው በጋቢና በነጠላ ነጭ ይሆናል፤ ካሜራው ነጩን ሲያጨልም የሰዎቹ ፊት ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። እንደ በረዶው ዝም ብሎ ብርሃን መጨመር ግን የነጠላውን ሽመናና የጥለቱን ቀለም ያጠፋል። የሚሻለው መለኪያውን በፊት ላይ አድርጎ መለካትና ምስሉን በኋላ ለማስተካከል በሚመች ጥሬ ፋይል ማስቀመጥ ነው።

በጥር ፀሐይ በእኩለ ቀን እንኳ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። ስለዚህ ከመጋለቢያው በስተደቡብ የቆመ ሰው ብርሃኑ ከጀርባው ይሆንለታል፤ የጌጡን ቀለም ለማሳየት ይህ ጎን ይመረጣል። በስተሰሜን የቆመው ደግሞ ከኮቴ የሚነሣውን አቧራ ፀሐይ ከኋላው ስታበራው ያገኛል። ይህ ግን የሚያምረው እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጋላቢው ጥምጥም ዓይኑን ያጠላበታል።

አቧራው ለምስሉ ጌጥ፣ ለካሜራው ጠላት ነው፤ ሜዳ ላይ ሌንስ መቀየር አይመከርም። የጥር ማለዳ ደግሞ በደጋው ብርድ ስለሆነ ባትሪ ቶሎ ይደክማል። ትርፉን ባትሪ በኪስ፣ ከገላ አጠገብ መያዝ የበረዶ አገር ፎቶ አንሺዎችም ልማድ ነው።

የፎቶው መግለጫ

ከእነዚህ በዓላት የሚወጡ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ «ፈረሰኞች በበዓል ላይ» ከሚል የዘለለ ጽሑፍ የላቸውም፤ በዚህም ታሪካዊ ዋጋቸው በእጅጉ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ባህል ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር መባላቸው ይታወቃል። የጋላቢው ስም በፈቃዱ፣ የፈረሱ ስምና የመጣበት ቀበሌ ከፎቶው ጋር ቢጻፍ ከዓመታት በኋላ ምስሉን የሚያገኝ ሰው ማንን እንደሚያይ ያውቃል። የካሜራው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚመዘገብ ጥር 23 ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 31 ሆኖ ይገኛል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን ፌብሩዋሪ 1 ይሆናል። ስለዚህ በመግለጫው ላይ የኢትዮጵያው ቀንም አብሮ ይጻፋል።