ስለ ደም መመረዝ፤ የውስጥ ብልቶችን እንዴት እንደሚጐዳና በምን እንደሚታከም

የሕክምና ሊቃውንት ሴፕሲስ የሚሉት፥ በተለምዶም የደም መመረዝ የሚባለው በሽታ፥ ከትንሽ ቍስል፥ ከሳንባ፥ ከሽንት መውረጃ ወይም ከአራስ ሴት ማሕፀን ይነሣል። ጀርም የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ያመጡታል። ነገር ግን ሰውን የሚገድለው የእነርሱ መርዝ ብቻ አይደለም። ሊቃውንቱ በ2008 ዓ.ም. በሰጡት ትርጓሜ፥ ሴፕሲስ ማለት ሰውነት ጀርምን ሲከላከል ሥርዐቱን ስቶ የገዛ ብልቶቹን እስከ ሞት የሚጐዳበት ሕመም ነው።

ይህም ሌባ ለመያዝ የወጡ ዘበኞች የባለቤቱን ቤት ቢያቃጥሉ እንደ ማለት ነው። ዘበኞቹ ነጫጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ጠላት በአንድ ስፍራ ሲገኝ በዚያው ይዋጉታል፤ ቍስል የሚቀላውና የሚያብጠው ስለዚህ ነው። ውጊያው በሰውነት ኹሉ ሲዛመት ግን የደም ሥሮች ይላላሉ፤ በውስጣቸው ያለው ውሃ ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ የደም ግፊትም ይወድቃል። በጥቃቅኖቹ ሥሮች ደም እየረጋ መንገዱን ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ሳንባ ውሃ ይቋጥርና ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ኵላሊት ሽንት ማጣራቱን ይተዋል፤ አንጐል ይደነግዝና በሽተኛው ይቃዣል፤ ጕበትም ሲደክም ዓይን ቢጫ ይኾናል።

ስለዚህ ሐኪም ሁለት ሥራ በአንድነት ይሠራል፤ ጠላቱን ያጠፋል፥ ብልቶቹንም ደግፎ ያቆያል። ጀርም ገዳዩ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ ግፊቱ ለወደቀበት በሽተኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሰጠው ይገባል። መግል ካለ ተከፍቶ ይወጣል፤ መድኃኒቱ በመግል ውስጥ በሚገባ አይደርስምና። ግፊቱን ለማንሣት ጨው ያለበት ውሃ በደም ሥር ይፈስሳል፤ ሲበዛ ሳንባን ስለሚያጥለቀልቅ ልኩን ሐኪም ይወስናል። ይህ ሳይበቃ ሲቀር ሥሮችን የሚያጠብቅ ኖራድሬናሊን ይጨመራል። የዘበኞቹን ቍጣ ራሱን በልክ የሚያበርድ መድኃኒት ለማግኘት ግን ለብዙ ዓመታት ተደክሟል፤ ለአንዳንዱ በሽተኛ ኮርቲዞን ሲረዳ፥ ለኹሉ የሚኾን አልተገኘም።

በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የነበረው ፖሊስ አልበርት አሌክሳንደር በፊቱ የዠመረው ቍስል መግል እየያዘ እስከ ሳንባው ደረሰ፤ አንድ ዓይኑም ጠፋ። የካቲት 5 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሻጋታ የሚወጣውን ፔኒሲሊን ቢሰጡት ይሻለው ዠመር። መድኃኒቱ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው ይሰጡት ነበር፤ በአምስት ቀን አለቀ። በሽታውም ተመልሶ መጋቢት 6 ቀን ሞተ። ዛሬ መድኃኒቱ በብዛት ሲገኝ፥ ትኩሳቱ በረደልኝ ብሎ በመካከል የሚያቋርጥ ሰው እጅግ ያስገርማል።

በአገራችን ትኩሳት ሲታይ ምች ነው ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሻል። ዳማ ከሴን አልነቅፍም፤ የሚያስፈራኝ የሚባክነው ጊዜ ነው። ቍስለኛም ቢኾን አራስም ብትኾን፥ ትንፋሹ በደቂቃ 22 ወይም ከዚያ በላይ የኾነ፥ ንግግሩ የተዛባ፥ ቀኑን ሙሉ ሽንት ያልሸና፥ ወይም ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሰው ሌሊትም ቢኾን ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሕፃንም ጡት እንቢ ካለ እንዲሁ። የሚወስደው ሰው ሕመሙ የዠመረበትንና በሽተኛው በመጨረሻ የሸናበትን ሰዓት ጽፎ ለሐኪሙ ያስረክብ።