የፊደል ጥራት በማን ምርጫ?

ኮምፒውተር ላይ ሲጽፉና ሲያነቡ የሚውሉ ሰዎች ዓይናቸው ሲደክም አብዛኛውን ጊዜ የሚወቅሱት ስክሪኑን ወይም መነጽራቸውን ነው፡፡ ፊደሉ በስክሪኑ ላይ እንዲህ እንዲታይ የወሰነው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፡፡ ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም የሶፍትዌር ሠሪዎችን ለዓመታት ሲያከራክር የቆየ ነው፡፡ እኛን የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎችንም በቀጥታ ይነካናል፡፡

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር፡፡ በፎንት ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የሚቀመጠው በመስመርና በኩርባ ተስሎ ነው፡፡ ስክሪን ደግሞ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው፡፡ ስለዚህ የ‹‹ወ›› ኩርባ ሲሳል የትኛው ነጥብ ይጥቆር፣ የትኛውስ ነጭ ይሁን የሚለውን ሶፍትዌሩ መወሰን አለበት፡፡ ነጥቡ ጥቁር ወይም ነጭ ብቻ ከሆነ የፊደሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፡፡ ጠርዙ ላይ ግራጫ ነጥቦች ቢጨመሩ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ደብዘዝ ይላል፡፡ ሦስተኛው መንገድ በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎች ያሉት መሆኑን መጠቀም ነው፡፡ እነዚህን ክፍሎች ለየብቻ በማዘዝ የፊደሉን ጠርዝ ይበልጥ ማጥራት ይቻላል፡፡ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቀው ክሊርታይፕ የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው፡፡

ለመሆኑ የትኛው ይሻላል? አንድ መልስ የለም፡፡ ማይክሮሶፍት ለረጅም ጊዜ የመረጠው የፊደሉን እግሮች ወደ ፒክስሉ መስመር ስቦ ማስተካከልን ነበር፡፡ በዚህም ፊደሉ ይጠራል፤ ቅርጹ ግን በጥቂቱ ይለወጣል፡፡ አፕል በበኩሉ ቅርጹን እንደተሳለ መተውን መረጠ፤ ፊደሉ ለስለስና ወፈር ብሎ ይታያል፡፡ አንዱን የለመደ ዓይን ሌላውን ሲያይ ‹‹ፊደሉ ተበላሽቷል›› ማለቱ አይቀርም፡፡

ሳይነኩት የሚመጣው

በባለሙያዎች አነጋገር ‹‹ዲፎልት›› የሚባለው ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ፕሮግራሙ ይዞት የሚመጣው ምርጫ ነው፡፡ ኃይሉን ለማየት የዊንዶውስ ኤክስፒን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኤክስፒ ክሊርታይፕን ይዞ ነበር፤ ይሁንና የመጣው ተዘግቶ ነው፡፡ ለመክፈት የስክሪኑን ሴቲንግ፣ ከዚያም መልኩን የሚመለከተውን ገጽ፣ ከዚያም ኢፌክትስ የሚለውን ቁልፍ ማለፍ ያስፈልግ ነበር፡፡ ይህን የማያውቅ ሰው የተሻለው ፊደል በእጁ እያለ ሳይጠቀምበት ይኖር ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ቪስታ ግን ክሊርታይፕን ከፍቶት መጣ፡፡ ዋናው የተለወጠው ነገር ዲፎልቱ ነው፡፡

ተቃራኒውም ታይቷል፡፡ ማይክሮሶፍት የፕሮግራመሮች መሥሪያ የሆነውን ቪዥዋል ስቱዲዮ 2010ን በአዲስ የማሳያ ዘዴ ሲያዘጋጅ፣ በሙከራ ቅጂዎቹ ላይ ኮዱ ደብዝዞ ታየ፡፡ ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲያነቡ የሚውሉት ተጠቃሚዎች አማረሩ፡፡ ኩባንያውም ፊደልን ከፒክስሉ ጋር የሚያስተካክል አሠራር ጨመረበት፡፡ አፕልም እ.ኤ.አ. በ2018 ሞሃቪ በተባለው ሥሪቱ በቀለም ክፍሎች የማለስለሱን ዘዴ ሲተው፣ ፒክስላቸው እጅግ በደቀቀ ስክሪኖች ላይ ብዙም አልታወቀም፡፡ ተራ ስክሪን የሰኩ ሰዎች ግን ልዩነቱን ወዲያው አዩት፡፡

ሁሉንም ለተጠቃሚው እንተወው?

ይህም መፍትሔ አይሆንም፡፡ ከሊነክሱ የግኖም ፕሮጀክት አዘጋጆች አንዱ የነበረው ሃቮክ ፔኒንግተን እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳስረዳው፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ምርጫ ዋጋ ያስከፍላል፡፡ አምስት የ‹‹አዎ ወይም አይ›› ምርጫዎች ብቻ 32 ዓይነት ውህዶችን ይፈጥራሉ፡፡ ሁሉንም መፈተሽ ደግሞ አድካሚ ነው፡፡ ሴቲንጉ በምርጫ ሲጨናነቅ ጠቃሚው ከማይጠቅመው ጋር ይቀበራል፡፡

መካከለኛውን መንገድ ካሳዩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ነው፡፡ የክሊርታይፕ ማስተካከያው ተጠቃሚውን ስለ ንፅፅር መጠን ወይም ስለ ቀለም ቅደም ተከተል አይጠይቅም፡፡ ጽሑፎችን ደርድሮ ‹‹ለዓይንዎ የሚመቸው የትኛው ነው?›› ይላል፡፡ መመዘኛው እዚህ ላይ ነው፡፡ የተጠቃሚው ዓይን ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ በምርጫነት ይቅረብ፡፡ መሐንዲስ ብቻ የሚመልሰውን ግን ሠሪው ራሱ ይወስን፡፡

የእኛ ፊደል ሲሆን

ብዙ ጊዜ ዲፎልት ሲመረጥ የሚታየው የላቲን ጽሑፍ ነው፡፡ ኮድ ለመጻፍ የሚመረጠው ኮንሶላስ የተባለው ፎንት ለምሳሌ የግዕዝ ፊደል የለውም፡፡ አማርኛ ሲጻፍበት ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ይበደራል፡፡ በዊንዶውስ ይህ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ፣ ኋላም ኢብሪማ ሆኗል፡፡ የተበደረው ፊደል መጠንና ውፍረት ከጎኑ ካለው ላቲን ጋር ላይመጣጠን ይችላል፡፡

ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ፊደሎቻችን የሚለያዩት በትናንሽ ቅጥያዎች መሆኑ ነው፡፡ ‹‹ገንዘቡን ተቀበለ›› እና ‹‹ገንዘቡን ተቀበሉ›› የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፡፡ ለላቲን በቂ በሆነ መጠን ይህች ጭረት አንድ ፒክስል ብቻ ልትሆን፣ ስትለሰልስም ልትጠፋ ትችላለች፡፡ ውል ወይም ደብዳቤ በስክሪን ላይ ለሚያርም ሰው ይህ ከማማር ጥያቄ ያለፈ ነው፡፡

እንግዲህ አንባቢ በራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ፡፡ አንደኛ፣ ‹‹ለ››ን ከ‹‹ሉ››፣ ‹‹ጠ››ን ከ‹‹ጡ›› ያለ ጥረት እስኪለዩ ድረስ የፊደሉን መጠን ያሳድጉ፡፡ ሁለተኛ፣ እንደ ቪኤስ ኮድ ያሉ ፕሮግራሞች የፎንት ስሞችን በተራ ስለሚቀበሉ፣ ከላቲኑ ቀጥሎ የሚወዱትን የግዕዝ ፎንት ይጻፉ፤ አቢሲኒካ እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ፡፡ ሦስተኛ፣ በዊንዶውስ የክሊርታይፕ ማስተካከያውን ከፍተው ይምረጡ፤ ሲጨርሱም ውጤቱን በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ይመልከቱ፡፡

ለአማርኛ ተጠቃሚ ፕሮግራም የሚሠሩ ባለሙያዎችም ዲፎልታቸውን ከመወሰናቸው በፊት አንድ ገጽ አማርኛ በተራ ስክሪን ላይ ቢያነቡ መልካም ነው፡፡ ሴቲንጉን ፈጽሞ የማይከፍተው ተጠቃሚ የሚያገኘው እነሱ የመረጡለትን ብቻ ነውና፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡