ኤል ቢራና የብቅል ገብስ

ኤል የሚባለው ቢራ ከላገር የሚለየው በእርሾውና በሙቀቱ ነው። የኤል እርሾ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በጥቂት ቀናት ያብላላል። የላገር እርሾ ግን ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ቢራውም ለሳምንታት በቅዝቃዜ ይቆያል። ጠላችን ያለ ማቀዝቀዣ ስለሚፈላ ወደ ኤል ይጠጋል፤ ምሬቱ ግን ከሆፕስ ሳይሆን ከጌሾ ነው።

የሁለቱም ቢራ መሠረት ብቅል ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በቦሌ ለሚ የሚገኘው የብቅል ፋብሪካ የሚፈልገውም ሕይወት ያለው ገብስ ነው። ገብስ ካልበቀለ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም አይገኝም፤ ስኳር ከሌለም እርሾው የሚያብላላው የለውም።

ስለዚህ ለማኅበራት የሚከተለውን እንመክራለን፦

1. በማሳ ላይ ዩሪያ አለማብዛት። ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ ሲያልፍ ከብቅሉ የሚገኘው ስኳር ያንሳል፤ ቢራውም ይደፈርሳል።

2. ዝርያ ሳይቀላቅሉ መውቃትና እርጥበቱ ከ13 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረቅ።

3. ከመጫን በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በ3ኛው ቀን መቁጠር። ቢያንስ 95 መብቀል አለበት። አዲስ የታጨደ ገብስ ቶሎ ላይበቅል ስለሚችል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሙከራውን መድገም ያስፈልጋል።

ከፋብሪካ በር የተመለሰ ጭነት ኪሳራው የአባላቱ ነው።